ጠያቂ ያለው ንግግር

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ላለችው ዋጃ የዓለም ፖለቲካ የሩቅ ወሬ አይደለም። የራያ ቆላ ወጣት በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ ጦርነት ያደቀቃትን የመን አቋርጦ ሳዑዲ ለመግባት ይሞክራል። ሳዑዲ በ2006 ዓ.ም. የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የሰሜኑን ጦርነት ለማስቆም ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነትም ለዚህ ቆላ የሬዲዮ ዜና ብቻ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ስደት፣ ስለ ግጭትና ስለ ኃያላን ፉክክር በራቸውን ከፍተው የሚያዘጋጁትን ንግግር የማደንቀው ለዚህ ነው፤ የመንደርን ኀዘን ከሩቅ ምክንያቱ ጋር ያገናኘዋል።

ንግግር እንጀራ አይሆንም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ መሬት ያጣን ወጣት ትምህርታዊ ገለጻ ብቻ ከስደት አያስቀረውም። ግን ደላላውስ ወጣቱን የሚወስደው በምንድን ነው? በንግግር! ልዩነቱ ደላላውን በሰው ፊት ተነሥቶ የሚሞግተው አለመኖሩ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተናጋሪ ግን ማስረጃውን ዘርግቶ ለጥያቄ ይቆማል፤ ቢሳሳት የሚያርመው አድማጭ ፊቱ ተቀምጧል። የሚያስከፋኝ ሌላ ነው፦ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ባሕር ዳር የተሰበሰበውን የጣና ፎረም የመሰሉ መድረኮች የመሪዎችና የተጋባዦች ናቸው፤ የብዙ አዳራሾች ቋንቋም እንግሊዝኛ ነው። የወልድያና የማይጨው ዩኒቨርሲቲዎች ለዋጃ ሩቅ አይደሉም። እስቲ አንዱን ንግግር በገበያ ቀን፣ በአማርኛና በትግርኛ፣ ዋጃ ላይ ያድርጉት።