አብሮ ያሳለፉትን ስለ ማንሣት፤ በቪዲዮ ጨዋታና በጋይንት ጨዋታ

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ፥ እንደ ሌላው አማርኛ ተናጋሪ አገር ሁሉ፥ «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። ልጆች በገና ሰሞን በሜዳ ላይ የሚሯሯጡበትም፥ ሽማግሌዎች በቡና ዙሪያ ተቀምጠው የሚነጋገሩበትም በአንድ ስም ይጠራል። «ተጫወት እንጂ» የተባለ እንግዳ ኳስ እንዲመታ ሳይሆን አፉን እንዲከፍት ተለምኗል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ከዚሁ የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ልብ ወለድ ታሪክን መሠረት ያደረጉት የቪዲዮ ጨዋታዎች፥ ገጸ ባሕርያቱ አብረው ያሳለፉትን ዘመን ሲያነሡ የሚያሳዩበት መንገድ በሁለተኛው ዓይነት ጨዋታ ሚዛን ሲመዘን እንዴት ይታያል የሚል ነው።

በነፋስ መውጫ፥ በዓርብ ገበያ፥ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ አካባቢ ቡና ላይ የተቀመጠ እንግዳ አስቀድሞ የሚቸገረው የሚወራውን ባለመረዳቱ ነው። የሚያግደው ቋንቋው አይደለም። አንዱ «ያ የጨጨሆው ዝናብ» ይላል እንበል፤ ሌላው ይስቃል፤ ቡና የምታፈላዋ ሴት ስኒ እያጠበች ወደ ሽማግሌው ዘወር ብላ «እርስዎማ በቅሎዋን ጥለው አልነበረም የሸሹት?» ትላለች፤ ሽማግሌውም «ኧረ እንዲያ አይደለም» ብለው ይቆጣሉ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ዝናቡ መቼ እንደ ዘነበ፥ እነማን እንደ ነበሩ የሚተርክ የለም፤ የነበሩት ያውቁታልና። እንግዳው የሚያገኘው ሣቁንና እርማቱን ነው። ከእነዚህም ዝናቡን ባያውቅ እንኳ ሰዎቹን ያውቃል፤ በቅሎዋ ለሽማግሌው እስከ ዛሬ ቁስል እንደ ሆነች ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ይህ አገር ስለ ማስታወስ የራሱ ባህል ያለው አገር ነው። ከመላው ኢትዮጵያ የድጓ ተማሪ ትምህርቱን የሚያስመሰክረው በጋይንት ቤተ ልሔም ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚማረውም ወደ ዙር አምባ ይወርዳል። «ማስመስከር» የሚለውን ቃል ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ተማሪው ብዙ ዓመት ያጠናው ዜማ በራሱ ልብ ስላለ ብቻ አልተያዘም፤ የሚያውቅ ሌላ ሰው ሰምቶ «አዎን፥ እንዲህ ነው» ሲል ነው የሚጸናው። በቡናውም ላይ የምናየው ይህንኑ ነው። አብሮ የነበረ ሰው ያላረመው ወይም ያላጸደቀው ትዝታ ገና አልተመሰከረለትም።

አሁን ወደ ቪዲዮ ጨዋታዎቹ እንምጣ። በብዙዎቹ ዘንድ ሁለት የቆዩ ወዳጆች ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር እንደ አዲስ ወሬ ይነጋገራሉ። «እንደምታስታውሰው በዚያን ዓመት ወንድምህ በጦርነት በሞተ ጊዜ እኔና አንተ ...» እያሉ ይቀጥላሉ። ወንድሙ የሞተበት ሰው ይህ ሊነገረው አይገባም፤ የሚነገረው ለእኛ ለተጫዋቾቹ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ይህን ነውር ለመሸሽ ሲሉ ሌሎች ደራስያን ያለፈውን ዘመን በወለል ላይ ይበትኑታል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው «ባዮሾክ» ተጫዋቹ በፈረሰች ከተማ ውስጥ እየዞረ የነዋሪዎቿን ድምፅ የያዙ ቴፖች ይለቅማል። መንገዱ ብልህ ነው፥ ድምፆቹም ያስደነግጣሉ፤ ነገር ግን ቴፕ አይታረምም። ተናጋሪው ቢዋሽ «ኧረ እንዲያ አይደለም» የሚለው ሰው አጠገቡ አልተቀመጠም።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተጫዋቹ በዚያ ዘመን አልነበረምና ሰዎቹ በግማሽ ቃል ከተነጋገሩ ምንም አይገባውም የሚል ነው። መልሳችን እንግዳውን አስታውሱ የሚል ነው። ተጫዋች ማለት በሰው ቤት ቡና ላይ የተቀመጠ እንግዳ ነው፤ ሁሉም እንዲነገረው አይጠብቅም፥ ግን ማን በየትኛው ቃል ላይ እንደ ዘጋ ያያል።

ይህን ከሁሉ በፊት በሚገባ ያሳየው ሥራ በእኛ አስተያየት የጃፓኑ ስኩዌር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ነው። ክላውድ የተባለው ወጣት ካልም በምትባል ከተማ በእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ባልንጀሮቹን ሰብስቦ፥ ከአምስት ዓመት በፊት የትውልድ መንደሩ ኒብልሃይም እንዴት እንደ ተቃጠለች ይተርካል። ራሱ በክብር ማዕርግ ያለ ወታደር ሆኖ ከዝነኛው ሴፊሮት ጋር ወደ መንደሩ እንደ መጣ ይናገራል። ትረካውን የምንሰማው በጆሮ ብቻ አይደለም፤ ክላውድን እኛው እየመራን በመንደሩ ውስጥ እናስኬደዋለን፥ የእናቱንም ቤት እንገባለን። በክፍሉ ውስጥ ግን የዚያው መንደር ልጅ የሆነች ቲፋ ተቀምጣለች። በዚያ ቀን መንገድ የመራቻቸው እርስዋ ነበረች፤ በተናገረበት ስፍራ ክላውድ እንዳልነበረና ከሴፊሮት ጋር የመጣው ሌላ ሰው እንደ ነበረ ታውቃለች። ታውቃለች፥ ዝም ትላለች።

የመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ሰው ይህን ዝምታ አያስተውለውም ማለት ይቻላል። ከብዙ ሰዓት በኋላ የክላውድ ትረካ ፈርሶ እርሱም አእምሮውን ስቶ ሲወድቅ ግን፥ ያ ዝምታ የትረካው ምሰሶ እንደ ነበረ እንረዳለን። በእጃችን ያስኬድነው ሐሰት ነበር፤ እውነቱ በዚያው ክፍል ውስጥ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። በኋላም ቲፋ ወደ ትዝታው ገብታ እውነቱን አብራው ስትፈልግ «እንዲህ አልነበረምን?» እያለች አትመራውም፤ እርስዋ ያላነሣችውን ነገር ራሱ እንዲያነሣ ትተወዋለች፥ ያን ጊዜ ታጸድቅለታለች። በምስክር አፍ ውስጥ ቃል ማኖር ነውር እንደ ሆነ የሚያውቅ የእስቴ ሽማግሌ ይህን ሥርዓት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል ብለን እናምናለን። ማስመስከር ማለት ይኸው ነው።

ስለ ዝምታ ያነሣነው ለሥነ ጽሑፍ ፍቅር ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ በዚያ የነበሩ ሰዎች ዛሬ አብረው ቡና ይጠጣሉ፤ የሚነሣ ነገር አለ፥ የሚዘለልም አለ። የሚዘለለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የደረሰበትም ሰው ምናልባት በዚያው ክብ ውስጥ ተቀምጧል። ይህ መርሳት አይደለም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላልና። ዝምታው ሰዎቹ ለአንድ ሰው ብለው አብረው የሚሠሩት ሥራ ነው። ወደ ፊት ከተማሪዎች አንዱ ስለዚህ ዘመን የቪዲዮ ጨዋታ ለመሥራት ቢነሣ ቀላሉ መንገድ ወዴት እንደሚወስደው እናውቃለን፤ በተዘረፈ ቤት ውስጥ የተበተነ ደብዳቤ ያስለቅመናል፥ በእያንዳንዱም ደብዳቤ ላይ በቡናው የሚዘለለው ነገር ተዘርዝሮ ይጻፋል። ያን ጊዜ እንግዳው ባለቤቶቹ ራሳቸው ያልገቡበትን ጓዳ ከፈተ ማለት ነው። እስካሁን በአገራችን የወጡት ጨዋታዎች እዚህ ፈተና ላይ አልደረሱም፤ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ቅኔ የተባለው ድርጅት ያወጣው «ኩኩሉ» ከአሳዳጅ የሚሸሽ ዶሮ የሩጫ ጨዋታ ነው፥ በዚህ ጉዳይ የሚጠየቅበት ነገር የለም።

ኖቲ ዶግ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ» ስለዚህ ጓዳ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ጆልና ቶሚ ወንድማማቾች ናቸው፤ ዓለም በበሽታ ከፈረሰች በኋላ ለመኖር ሲሉ አብረው ክፉ ነገር ሠርተዋል። ብዙ ዓመት ተለያይተው ሲገናኙ ታላቁ በሕይወት የቀረኸው በእኔ ምክንያት ነው ይላል፤ ታናሹ ያን ያህል ዋጋ የሚከፈልለት ኑሮ አልነበረም ሲል ይመልሳል። ምን እንደ ሠሩ ተዘርዝሮ አይነገረንም፥ አይታየንምም። ሁለቱ በአንድ ዘመን ላይ ሁለት ፍርድ ሰጥተዋል፥ እኛም ዘመኑን ሳናውቅ ወንድማማቾቹን አወቅናቸው። በዚያው ስፍራ ቶሚ የጆልን የሟች ልጁን ፎቶግራፍ ያቀርብለታል፤ ጆል አይቀበልም። በትዝታ ላይ ስለ መዝጋት ከዚህ አጭር ትርኢት የተሻለ አናውቅም።

ተጫዋቹ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ምስክር የሚሆንበትም አጋጣሚ አለ። «ማስ ኤፌክት» የተባለው ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2012 በሦስት ክፍል ወጥቶ፥ በ2013 በተጨመረለት ክፍል የመርከቧ ሰዎች ለግብዣ ይሰበሰባሉ፤ የሚያነሡት ተጫዋቹ በእጁ የሠራውን ነው። ደስ ያሰኛል። ጉድለቱ ግን በዚያ ግብዣ አለቃውን ደፍሮ የሚያርመው አለመኖሩ ነው፤ ሁሉም ይስቃል፥ ሁሉም ያመሰግናል፥ በቅሎዋን የሚያነሣበት የለም።

በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የ«ዘ ላስት ኦቭ አስ» ሁለተኛ ክፍል የጆልንና ልጁን ያህል ያሳደጋትን የኤሊን የመጨረሻ ንግግር እስከ ታሪኩ ጫፍ ድረስ ደብቆ ያቆየዋል። ጆል አንድ ጊዜ ሕይወትዋን ለማዳን ሲል ብዙ ሰው ገድሎ ነገሩን ዋሽቷት ነበር፤ እርስዋም እውነቱን ካወቀች በኋላ ርቃዋለች። በዚያች ሌሊት ወደ በረንዳው መጥታ ይቅር ለማለት የምትችል እንደማይመስላት፥ መሞከር ግን እንደምትፈልግ ትነግረዋለች። ያደረገውን ሁለቱም ስለሚያውቁት የሚዘረዝረው የለም፤ ንግግሩ አጭር ነው፥ በመካከሉም ብዙ ዝምታ አለ። ጆል በእጁ ቡና ይዟል፤ ከመንገደኞች በልውውጥ ያገኘው ነው፥ ምን እንደ ሰጠበት ለመናገር ግን ያፍራል። የምንነቅፍበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስኒው አንድ ነው። በጋይንት ቢሆን ለእርስዋም ሳይቀዳላት ያ ንግግር አይጀመርም ነበር።