የርካሹ መድኃኒት ውድ ክትትል፦ በውጭ አገር ስለሚኖሩ የዋርፋሪን ተጠቃሚዎች የቀረበ ሒሳዊ ምልከታ

ዋርፋሪን ርካሽ መድኃኒት ነው የሚለው አባባል በሕክምና መጻሕፍትም ሆነ በመመሪያዎች ውስጥ ሳይመረመር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። የኪኒኑ ዋጋ ብቻ ሲታይ አባባሉ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ዋርፋሪን ለሕመምተኛው የሚደርሰው ብቻውን አይደለም። በየጊዜው የሚደረገው የደም ምርመራ፣ ውጤቱን አይቶ መጠኑን የሚያስተካክለው ባለሙያ፣ የትራንስፖርት ወጪና ከሥራ የሚቀርበት ቀን አብረውት ይመጣሉ። ከአገሩ ወጥቶ ለሚኖር ሰው ደግሞ የመድን ዋስትና ማጣት፣ የቋንቋ ችግርና የመድኃኒቱ ስም መለዋወጥ ይጨመሩበታል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሳው ሒስ አንድ ነው፦ ስለ ዋርፋሪን የሚጻፉ ጥናቶችና መመሪያዎች የክትትሉን ወጪ ከሕክምናው ውጭ የሆነ ጉዳይ አድርገው ስለሚያዩት፣ የምርመራውን ዋጋ መክፈል ያልቻለው ሕመምተኛ በመጀመሪያ ከቁጥሩ፣ ቀጥሎም ከባለሙያው ዕይታ ይጠፋል።

ዋርፋሪን ክትትል የሚያስፈልገው ከጠባዩ የተነሣ ነው። መድኃኒቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ1948 ለአይጥ መርዝነት ገበያ ላይ ውሎ፣ በ1954 ለሰው ሕክምና ተፈቅዷል። ቫይታሚን ኬ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ለመሥራት የሚያደርገውን እገዛ ስለሚያግድ፣ ለአንዱ ሰው የሚበቃው መጠን ለሌላው ሊያንስ ወይም ሊበዛ ይችላል። ምግብ፣ ሌሎች መድኃኒቶች፣ የጉበት ሁኔታና የዘር ውርስ ሁሉ ይለዋውጡታል። አይ ኤን አር የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ በ1980ዎቹ በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ውጤቱን ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ ማነጻጸር ተችሏል። አንድ ሕመምተኛ በአዲስ አበባ የተሰጠውን ቁጥር ይዞ በዋሽንግተን ወይም በሪያድ ሊያነጋግርበት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። መለኪያው ድንበር ተሻግሯል፤ የምርመራውን ወጪ የሚሸፍነው ሥርዓት ግን አብሮት አልተሻገረም።

ከኢትዮጵያ ወጥተው ከሚኖሩት መካከል ይህ ጉዳይ በተለይ የሚመለከታቸው ወጣቶች አሉ። የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ለወጣቶች የልብ ሕመም ዋነኛ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው። በዚህ ሳቢያ ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተተከለለት ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ወይም የዚያው ወገን የሆነ መድኃኒት መውሰድ አለበት። የደም ምርመራ የማይጠይቁት አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ለእርሱ መውጫ መንገድ አይሆኑም። ዳቢጋትራን የብረት ቫልቭ ባላቸው ሕሙማን ላይ ሲሞከር የደም መርጋቱም የደም መፍሰሱም ስለጨመረ ሙከራው ተቋርጦ ውጤቱ በ2013 ታትሟል። የሩማቲክ የልብ ሕመምና የልብ ምት መዛባት (ኤትሪያል ፊብሪሌሽን) ባላቸው ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2022 የታተመው ትልቅ ጥናትም፣ በቫይታሚን ኬ ተቃራኒ መድኃኒቶች የታከሙት በሪቫሮክሳባን ከታከሙት ያነሰ ሞት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ስለዚህ «መድኃኒቱን ቀይሩለት» የሚለው ምክር ለብዙዎቹ አይሠራም። የቀረው ጥያቄ ክትትሉ እንዴት ይከናወን የሚለው ነው።

ጽሑፎቹ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡትን መልስ ለመመዘን የሚጠቀሙበትን ስሌት ማየት ይጠቅማል። የክትትል ጥራት በአብዛኛው የሚለካው የሕመምተኛው አይ ኤን አር በተፈለገው ክልል ውስጥ የቆየበትን ጊዜ በመቶኛ በማስላት ነው። ሮዘንዳልና ባልደረቦቹ በ1993 ያቀረቡት ዘዴ፣ በሁለት ምርመራዎች መካከል አይ ኤን አር ቀስ በቀስ በቀጥታ መስመር ይለወጣል ብሎ ያስባል። ዘዴው ብልሃት ያለበትና ጠቃሚ ነው። ሆኖም በሁለት ምርመራዎች መካከል ያለው ጊዜ ከ56 ቀን ሲበልጥ ያንን ጊዜ ከስሌቱ ማውጣት የተለመደ ነው። ለስታቲስቲክስ ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ ለሦስት ወር ያህል ስለተሰወረ ደም መገመት አይቻልምና። ችግሩ ከስሌቱ የሚወጡት ወራት ብዙውን ጊዜ የመድን ዋስትና የተቋረጠባቸው፣ ሥራ የተለወጠባቸው ወይም ገንዘብ ያለቀባቸው ወራት መሆናቸው ላይ ነው። አደጋው የሚበዛበት ወቅት ተቆርጦ ሲወጣ የክሊኒኩ ውጤት ያምራል። ምርመራ ያቋረጠው ሰው ከተጠቀሰም የሚጠቀሰው «የሕክምና ትእዛዝ ያልጠበቀ» ተብሎ ነው። ይህ ስያሜ ያልፈለገውን ካልቻለው አይለይም፤ ባለሙያውንም ምክንያቱን ከመጠየቅ ያሳርፈዋል።

የምርመራውን ቁጥር ስለመቀነስ የተጻፈውም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። በካናዳ ሃሚልተን ሹልማንና ባልደረቦቹ ያደረጉትና በ2011 የታተመው ጥናት፣ መጠናቸው ቢያንስ ለስድስት ወር ሳይለወጥ የቆየላቸውን ሕሙማን በየ4 ሳምንቱና በየ12 ሳምንቱ በመመርመር አነጻጽሯል። በተፈለገው ክልል ውስጥ የቆዩበት ጊዜ በመጀመሪያው ቡድን 74.1 በመቶ፣ በሁለተኛው 71.6 በመቶ ሆነ፤ ልዩነቱም የ12 ሳምንቱ አሠራር አያንስም ለማለት የሚያስችል ነበር። በ2012 የወጣው የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያም አይ ኤን አራቸው ለተረጋጋላቸው ሰዎች እስከ 12 ሳምንት መቆየት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። ከኪሱ ለሚከፍል ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ በዓመት ከ13 ምርመራ ወደ 4 ወይም 5 መውረድ ማለት ነውና። ብዙ ባለሙያዎች ግን ከልማድ የተነሣ እስከ ዛሬ በየወሩ ይቀጥራሉ።

በሌላ በኩል የጥናቱ አንድ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ ይታለፋል። የ12 ሳምንቱ ቡድን አባላትም ደም የሰጡት በየ4 ሳምንቱ ነበር፤ በመካከሉ ለሐኪሙ የተላለፈው ግን እውነተኛው ውጤት ሳይሆን በክልሉ ውስጥ ያለ የማስመሰያ ቁጥር ነበር። ስለሆነም ሕሙማኑ በየወሩ ከክሊኒኩ ጋር ይገናኙ፣ ስለ ደም መፍሰስና ስለ አዲስ መድኃኒትም ይጠየቁ ነበር። ጥናቱ ያረጋገጠው የቁጥር መራራቅ ጉዳት እንደሌለው እንጂ የሰው መራራቅ ጉዳት እንደሌለው አይደለም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ምርመራው ሲራራቅ የስልክ ጥያቄው መራራቅ የለበትም የሚል ነው። የስልክ ጥሪ ደግሞ ከቤተ ሙከራ ምርመራ እጅግ የረከሰ ነው።

በቤት ውስጥ ከጣት በሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም የሚደረገው ምርመራም እንዲሁ በጥንቃቄ መታየት አለበት። በአሜሪካ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች 2,922 ሰዎችን ያካተተውና በ2010 የታተመው ጥናት፣ በየሳምንቱ በቤት መመርመር በየወሩ በክሊኒክ ከመመርመር ይልቅ ስትሮክን፣ ከባድ የደም መፍሰስንና ሞትን በጉልህ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ይህ ውጤት መሣሪያው አይጠቅምም ተብሎ መተርጎም የለበትም። የንጽጽሩ ሌላ ወገን በደንብ የተደራጀ ክሊኒክ ስለነበር፣ ክሊኒክ ለሌለው ስደተኛ ጥናቱ መልስ አልሰጠም። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መድን ለብረት ቫልቭ ተጠቃሚዎች በ2002፣ ለልብ ምት መዛባትና ለደም ሥር መርጋት ደግሞ በ2008 የቤት ምርመራን መሸፈን ጀምሯል። ሜዲኬር ግን በዋነኛነት ዕድሜያቸው 65 የሞላ ሰዎች መድን ነው፤ የ30 ዓመቷ የቫልቭ ተጠቃሚ የምትገኘው ከዚያ ውጭ ነው።

እዚሁ አገር የሕጉ አሠራር ተቃርኖውን ያጎላዋል። በ1996 የወጣው ሕግ አብዛኞቹ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያገኙ ጎልማሶች ሜዲኬይድ ለተባለው የድሆች መድን አምስት ዓመት እንዲጠብቁ ያስገድዳል። በ1986 የወጣው ሕግ ደግሞ የድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ማንኛውንም ሕመምተኛ የመክፈል አቅሙን ሳይጠይቁ እንዲመረምሩና አደጋውን እንዲያረጋጉ ያዛል፤ ሒሳቡን ግን አይሰርዝም። ከሁለቱ ሕጎች የሚወጣው ድምር፣ ሕመምተኛው አንጎሉ ውስጥ ደም ሲፈስ በሩ የሚከፈትለት፣ ደሙ እንዳይፈስ የሚያደርገውን ትንሹን ምርመራ ሲጠይቅ ግን የሚዘጋበት መሆኑ ነው። በፌዴራል መንግሥት ድጋፍ የሚሠሩት የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች እንደ ገቢ መጠን ክፍያ ስለሚቀንሱ ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላሉ። ብዙ አዲስ ገቢዎች ግን ስለ መኖራቸው አይነገራቸውም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት ለሚኖሩት እህቶች ደግሞ ከዋጋው በፊት የአሠሪው ፈቃድ ይቀድማል።

ለሕሙማን የሚታተሙት የምክር ወረቀቶችም ከሒስ አያመልጡም። «አረንጓዴ አትክልት» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ስፒናችና ብሮኮሊ አሉ፤ ጎመን ግን በስሙ የለም። በቫይታሚን ኬ የበለጸገው ጎመን በጾም ወራት በገበታ ላይ ሲበዛ አይ ኤን አር ሊወርድ፣ በፋሲካ ማግሥት ሲቀንስ ሊወጣ ይችላል። ትክክለኛው ምክር ጎመን መከልከል ሳይሆን መጠኑን ሳያለዋውጡ መብላትና የጾሙን መግቢያና መውጫ ለክሊኒኩ ማሳወቅ ነው። ጥቂት ምርመራ ብቻ መክፈል ለሚችል ሰው ምርመራውን ከእነዚህ ቀናት ጋር ማገጣጠም ገንዘቡን በሚጠቅም ቦታ ማዋል ነው። ከአገር ቤት በመንገደኛ የሚላከው ሜትሮኒዳዞል ወይም ኮትሪሞክሳዞል አይ ኤን አርን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ሪፋምፒሲን በአንጻሩ እንደሚያወርደው በምክር ወረቀቱ ላይ በግልጽ አማርኛ ሊሰፍር ይገባል።

የኪኒኑ ቀለምም ሌላ አደጋ ነው። በአሜሪካ ሮዝ ቀለም ያለው የዋርፋሪን ኪኒን 1 ሚሊግራም ሲሆን፣ በብሪታኒያ ሮዝ ቀለም ያለው 5 ሚሊግራም ነው። በቀለም የሚያስታውስና ዘመድ የላከለትን የሚውጥ ሰው ሳያውቀው አምስት እጥፍ ሊወስድ ይችላል። በጀርመን ደግሞ በብዛት የሚታዘዘው ፌንፕሮኩሞን ነው። ይህ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ከዋርፋሪን እጅግ የረዘመ ጊዜ ስለሚቆይ፣ 3 ሚሊግራሙ በ3 ሚሊግራም ዋርፋሪን ምትክ የሚወሰድ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሥራ በአገር ውስጥ ካለው ባለሙያ ይጀምራል። ወደ ውጭ የሚሄድ ማንኛውም የዋርፋሪን ተጠቃሚ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይዞ መውጣት አለበት። በገጹ ላይ መድኃኒቱ የታዘዘበት ምክንያት፣ የቫልቩ ዓይነትና የተተከለበት ቦታ፣ የሚፈለገው የአይ ኤን አር ክልል፣ የሳምንቱ ጠቅላላ መጠን በሚሊግራም፣ የመድኃኒቱ የሳይንስ ስምና የመጨረሻዎቹ ውጤቶች ከነቀናቸው ይሰፍራሉ። ሁለተኛው ሥራ ሕመምተኛውን «በወር ለምርመራ ስንት መክፈል ትችላለህ?» ብሎ መጠየቅና ቀጠሮውን በመልሱ ላይ መመሥረት ነው። ሦስተኛው የጥናት አቅራቢዎች ድርሻ ነው፦ ከስሌቱ የወጡት ቀናት ስንት እንደሆኑና ለምን እንደወጡ ከመቶኛው አጠገብ ይታተም። እነዚያ ቀናት ሲቆጠሩ ዋርፋሪን በእርግጥ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ይታወቃል፤ ምርመራ ያቋረጠውም ሰው ትእዛዝ ያልጠበቀ መባሉ ቀርቶ ሕክምናው ሳይደርስለት የቀረ ሕመምተኛ ተብሎ ይመዘገባል።