ሽለላ በፓንክ ጊታር ታጅቦ

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ሞአ አንበሳ» ሳክስፎኒስቱን ጌታቸው መኩሪያንና ዘ ኤክስ የተባለውን የኔዘርላንድ የፓንክ ባንድ ያገናኘ አልበም ነው። ብዙዎች የሚያደንቁት የተራራቁትን ስላጣመረ ነው፤ እኔ ግን ቀድሞውኑ ምን ያህል ቅርብ እንደነበሩ ስላሳየ አደንቀዋለሁ። ጌታቸው ከዚያ ብዙ አሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ ሽለላና ፉከራን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን አምጥቶታል። አንዱን ድምፅ ይጎትተዋል፣ ያርገበግበዋል፣ ያሻክረዋል፤ ፎካሪ ትንፋሹን ሰብስቦ እንደሚለቀው። የዘ ኤክስ ጊታሮችም ለማለስለስ አይሞክሩም። አጭር ሐረግ ይዘው ሳይለቁ ይመታሉ፣ ይቧጭራሉ፤ ድራሙ ከሥር ይገፋል፣ ሳክስፎኑም በላዩ እንደልቡ ይፎክራል።

«ዜማችን በጩኸት ተበላሸ» የሚል አድማጭ ይኖራል። ሽለላ ግን መቼ ለጸጥታ ተፈጠረ? ወኔ መቀስቀሻ ነው፤ የሻከረ ጊታር ያጎላዋል እንጂ አያጠፋውም። የበለጠ የሚከብደው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ፈረንጅ በእኛ ዜማ ስም እንዳያተርፍ መስጋት ተገቢ ነው፤ እዚህ ግን ጋባዡ ራሱ ጌታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 አምስተርዳም ላይ ዘ ኤክስን ከሰማ በኋላ ለቀጣዩ አልበሙ እንዲያጅቡት ጠየቃቸው፤ ያኔ ዕድሜው ወደ ሰባ ተጠግቶ ነበር። በዚያ ዕድሜ የለመደውን አጃቢ ትቶ ፓንክ መምረጡ፣ ከዱከም እስከ አዲስ አበባ ጊታር ያነሡ ወጣቶች ደጋግመው ሊያዳምጡት የሚገባ ድፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» የተሰኘው አልበሙ ሲወጣ አጃቢዎቹ አሁንም እነሱው ነበሩ።