የተሰረቀች እጅ

«ኤንጀል» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ዋናው ባለ ታሪክ ቫምፓየር፥ ማለት ደም መጣጭ ነው። ሆኖም በቀድሞ ኀጢአቱ ተጸጽቶ፥ በሰው ደም ፈንታ በእንስሳ ደም እየኖረ፥ በሎስ አንጀለስ ከተማ ወንጀል መርማሪ ሆኖአል። ሚስተር ዴቪድ ግሪንዋልት የጻፉት፥ በ2001 እ.ኤ.አ. የታየው «ዴድ ኤንድ» (መውጫ የሌለው መንገድ) የተባለው ክፍል ስለ ሰው አካል ስርቆት የሚናገር ነው። የመናፍስት ተረት ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ሊንድሴ የተባለ ወጣት ጠበቃ ከኤንጀል ጋር በተዋጋ ጊዜ ቀኝ እጁን አጥቶ ነበር። አሠሪዎቹ የሆኑት ኃያላን ጠበቆች አዲስ እጅ ያስተክሉለታል። እርሱም ከየት እንደ መጣች ሳይመረምር ጊታሩን አንሥቶ ይዘፍናል። ጥቂት ቆይቶ ግን እጂቱ ያለ ፈቃዱ «ግደል» እያለች ትጽፍ ጀመር። እርሱም ተመልካቹም የነፍሰ ገዳይ እጅ ናት ብለው ያስባሉ። ሁለቱ ጠላቶች አብረው ምንጩን ሲከታተሉ፥ በአመክሮ የተፈቱ እስረኞች ወደ ስውር ቤት እየተወሰዱ፥ በሕይወት ሳሉ አካላቸው እንደሚቈረጥ ያገኛሉ። የእጂቱ ባለቤት ቀድሞ በዚያው መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረ፥ ሊንድሴ የሚያውቀው ሰው ነው። ያ ቃልም ዛቻ ሳይሆን ልመና ኖሮአል፤ ግደለኝና አሳርፈኝ ማለት ነበረ።

የደራሲው ብልሃት በዚህ ላይ ይታያል። የተበደለው ሰው በእጁ ጮኸ፤ የተጠቀመው ሰው ግን ጩኸቱን ወንጀል አድርጎ ተረጐመው። ደም መጣጩ ከሰው ሥጋ ሲታቀብ፥ ከረባት ያሰሩት የሕግ ዐዋቂዎች ሰውን መብላታቸውም የሚያሳፍር ንጽጽር ነው።

ነቀፌታዬ ግን ይህ ነው፤ ድራማው ወንጀሉን በስውር ቤት ዘግቶ ተመልካቹን ከክሱ ነጻ ያወጣዋል። እውነተኛው ንግድ ስውር ቤት አያሻውም። በዚያው ዘመን፥ ከ2001 እስከ 2003 እ.ኤ.አ.፥ በደቡብ አፍሪካ በደርባን ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ከ100 የሚበልጡ ሕገ ወጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላዎች ተደርገዋል። ከብራዚል የመጡ ድኾች 6,000 ዶላር ያህል እየተቀበሉ፥ ኩላሊታቸውን ሰጡ፤ የበሽተኞቹ ዘመዶች እንደ ሆኑ የሚናገር ወረቀትም ይፈረም ነበር። ኩባንያው በ2010 ጥፋቱን በፍርድ ቤት አምኖአል። በዚያ ጨለማ አልነበረም፤ መብራት፥ ነጭ ልብስና ፊርማ ነበረ። ስለዚህ የዚህ ወንጀል ዘበኛው መርማሪ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ የሚያሳልፈው ጸሓፊም ጭምር ነው።

በመጨረሻው ሊንድሴ የቀረበለትን ሹመት ለባልደረባው ትቶ ከተማውን ይለቃል። ይህ የሚመሰገን ነው። እጂቱ ግን አብራው ትሄዳለች። ጸጸት ሌላ በደል እንዳይሠራ ይከለክላል እንጂ የተወሰደውን አካል ለባለቤቱ አይመልስም።