ዕድሜውን ብቻ ሳይሆን ዘዴውንም እናስተምር

«በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል ዕድሜ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ ሲወጣ ከአራቱ ምርጫዎች አንዱ ትክክል፣ ሦስቱ ስሕተት ይባላሉ። ቁጥሩ የሚታየው አንድ ንጉሥ ዙፋን እንደ ያዘበት ዓመት ተደርጎ ነው። በምን መንገድ እንደ ተገኘ ግን የሚጠይቅ የለም። ይህ አቀራረብ በእኛ አመለካከት የታሪክንም ሆነ የሳይንስን ትምህርት ይጎዳል።

ነገሩን በራሱ በኪቢሽ ምሳሌ እንመልከት። በሪቻርድ ሊኪ የሚመራው የኬንያ ቡድን ኦሞ 1 እና ኦሞ 2 የተባሉትን ቅሪቶች ያገኘው በ1967 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያ በአካባቢው ዛጎሎች ላይ በዩራኒየም ዘዴ በተደረገው ልኬት 130,000 ዓመት ገደማ ተባለ። ነገር ግን ዛጎል ከተቀበረ በኋላ ዩራኒየም ሊጨምር ወይም ሊያጣ ስለሚችል የሚታመን ሰዓት አይደለም። በ2005 በእሳተ ገሞራ ዐመድ ላይ ተመሥርቶ 195,000 ዓመት ገደማ ተባለ። በ2022 ደግሞ ዕድሜው ከዚያም ወደ ኋላ ሄደ። ታዲያ ቁጥሩን ብቻ በቃሉ የያዘ ተማሪ «ሳይንቲስቶች እንዳሻቸው ይለዋውጡታል» ቢል ይፈረድበታልን?

የ2022ቱ ለውጥ የመጣበት መንገድ ከቁጥሩ ይልቅ አስተማሪ ነው። ኦሞ 1 ከተገኘበት በላይ ወፍራም የዐመድ ንብርብር አለ። ዐመዱ እጅግ የደቀቀ በመሆኑ በአርጎን ዘዴ በቀጥታ ሊለካ አልቻለም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ምንጩን ፈለጉ። የአንድ ፍንዳታ ዐመድ የራሱ የኬሚካል አሻራ አለውና ከስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች ጋር ሲያስተያዩት ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ከሻላ ጋር ገጠመ። ያው ፍንዳታ በሻላ አጠገብ የተወው አለት ደግሞ ሊለካ የሚችል የማዕድን ቅንጣት ስለ ያዘ፣ ዕድሜው 233,000 ዓመት፣ የስሕተት ወሰኑም 22,000 ዓመት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ 233,000 የአጥንቱ ዕድሜ ነውን? አይደለም፤ ከላዩ የወደቀው ዐመድ ዕድሜ ነው። አጥንቱ ከዐመዱ በታች ስለ ሆነ ይቀድመዋል። በስንት ዓመት እንደሚቀድመው ግን ይህ ልኬት አይናገርም። ስለሆነም በመልሱ ውስጥ ዋናዋ ቃል «ቢያንስ» የምትለው ናት። በምርጫ ፈተና ውስጥ የምትጠፋውም እርሷው ናት።

ሌላው ተደጋግሞ የሚሰማ ስሕተት ጥንታዊ የሆነውን ሁሉ «በካርበን 14 ተለካ» ማለት ነው። ካርበን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ዐሥር ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ ስለማይቀር፣ ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ ዘዴው አይሠራም። ከአክሱም ፍርስራሽ ለተገኘ ከሰል ይበጃል፤ ለኦሞ አይበጅም፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ለሆናት ለድንቅነሽማ ከቶ አይታሰብም። ለእነዚህ የሚያገለግለው ፖታስየም 40 ወደ አርጎን መለወጡ ነው። የቀለጠ አለት ቀድሞ የያዘውን አርጎን ስለሚለቅ ሰዓቱ ከፍንዳታው ጊዜ አንሥቶ ይቆጥራል። የሚለካውም አጥንቱ ሳይሆን በዙሪያው ያለው የእሳተ ገሞራ ንብርብር ነው።

«ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፤ ቤተ ሙከራም የለም» የሚሉ ባልደረቦች እንዳሉ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ሦስት ንብርብሮችን በሰሌዳ ላይ ለመሣል ጠመኔ ይበቃል። ግማሽ እያደረጉ መቀነስንም የሒሳብ መምህሩ ሊያግዝ ይችላል።

ጉዳዩ ኩራትንም ይነካል። ኦሞ በኢትዮጵያ ምድር መገኘቱ ያስደስታል። ሆኖም በሞሮኮ በጀበል ኢርሁድ የተገኙት ቅሪቶች 300,000 ዓመት ገደማ እንደሆናቸው በ2017 ተገልጿል። «ከሁሉ ቀዳሚ» በሚል ቃል ላይ የተሠራ ኩራት በአንድ ቁፋሮ ይፈርሳል። ማስረጃን መመርመር የተማረ ወጣት ግን ቁጥሩ ቢለወጥ አይደናገጥም፤ ለምን እንደ ተለወጠ ይጠይቃል።

ስለዚህ ፈተናው «ዕድሜው ስንት ነው?» ከሚል ይልቅ «ከዐመዱ በታች የተገኘ አጥንት ከዐመዱ ይቀድማል ወይስ ይከተላል? ምክንያቱን ግለጽ» ቢል ይሻላል እንላለን። ለማረም ጥቂት ተጨማሪ ደቂቃ ይወስድ ይሆናል፤ ተማሪው ማሰቡን ግን ያሳየናል።