ዕድሜው የምኑ ነው?

ከቆቦ ወደ አላማጣ የሚጓዝ ሰው ከምዕራቡ ተራራ ሥር የተዘረጉትን የደለል ማራገቢያዎች ሳያስተውላቸው ያልፋቸዋል። ወንዙ ከጠባቡ ሸለቆ ወጥቶ ሜዳ ሲያገኝ ጉልበቱ ይከዳዋል። ቋጥኙን እዚያው ሸለቆው አፍ ላይ፣ ጠጠሩን ዝቅ ብሎ፣ አሸዋና ጭቃውን ራቅ አድርጎ ይጥላል። የጣለው መንገዱን ሲደፍንበት አቅጣጫ ይቀይራል። የአካባቢው የራያ ገበሬ ይህን ጠባይ ከእኛ ከጂኦሎጂስቶቹ ቀድሞ ነው ያወቀው፤ የጎርፍ ጠለፋ መስኖው የቆመው በእሱ ላይ ነው።

እኛ የምንጠይቀው ደለሉ መቼ እንደወረደና ያወረደው ዝናብ ይሁን የተራራው መነሣት ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ሉሚነሰንስ እንጠቀማለን። የተቀበረች የኳርትዝ ቅንጣት በዙሪያዋ ካሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም የሚወጣውን ጨረር ኃይል ታጠራቅማለች፤ ፀሐይ ስታገኛት የተጠራቀመው ይጠፋል። ስለዚህ የምንለካው ለመጨረሻ ጊዜ ብርሃን ካየች ወዲህ ያለፈውን ዘመን ነው። የብረት ቱቦ በመዶሻ ወደ ደለሉ ግድግዳ አስገብተን፣ አፉን ደፍነን እንወስዳለን፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚከፈተው በደብዛዛ ቀይ መብራት ነው።

ቱቦው የት እንደሚገባ መምረጥ ከማሽኑ ሥራ ሁሉ ይከብዳል። ጀማሪ ዓይኑ ትልልቅ ድንጋይ ባዘለው ወፍራም ንብርብር ላይ ያርፋል። ያ ንብርብር ግን በአንድ ሌሊት የወረደ የጭቃ ጎርፍ ሊሆን ይችላል፤ ቅንጣቶቹ ፀሐይ ሳያዩ ተቀብረዋል፣ የድሮ ሂሳባቸውን ይዘው ስለመጡም ከእውነቱ በላይ ያስረጃሉ። እኔ የምፈልገው በመካከሉ ያለችውን ቀጭን የአሸዋ ንጣፍ ነው፤ ስስ ውኃ ያነጠፋት አሸዋ ብርሃን የማየት ዕድሏ ሰፊ ነው። እርጥበቱም መመዝገብ አለበት፤ ውኃ ጨረሩን ስለሚጋርድ የ1 በመቶ የእርጥበት ልዩነት ዕድሜውን በ1 በመቶ ገደማ ያዛባል።

ራያ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ተራራው በአብዛኛው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ ባዛልት ውስጥ ደግሞ ኳርትዝ የለም ማለት ይቻላል። (የመማሪያ መጻሕፍቱን የጻፉት ግራናይት አገር የኖሩ ሰዎች ይመስሉኛል።) ስለዚህ ፌልድስፓር ወደሚባለው ሌላ ማዕድን እንዞራለን፤ እሱ ያጠራቀመውን በጨለማም ቀስ በቀስ ስለሚያፈስ ሂሳቡ መታረም አለበት። ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጨው ባሕር ዳር ግን የሐመር ተራሮች ናይስ የሚባል ጥንታዊ ዐለት ናቸውና ኳርትዝ አይቸግርም።

ዕድሜው ከተገኘ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ይቀራል። ወፍራም ደለል አይቶ «ተራራው ተነሥቷል» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ፒተር ሞልናርና ፊሊፕ ኢንግላንድ እ.ኤ.አ. በ1990 ኔቸር መጽሔት ላይ ዶሮዋ ወይስ እንቁላሉ ብለው የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ የተራራ መነሣት ምልክት የተባለው ብዙው ነገር ከአየር ንብረት ለውጥም ሊመጣ እንደሚችል አሳዩ። ዝናቡም ቢሆን ቀላል ምስክር አይደለም፤ ተዳፋቱን ይሸረሽራል፣ ቆይቶ ደን ሲያለብሰው ደግሞ ደለሉን ይቀንሳል።

ስለ ተራራው የምሰማው የመሬት ስንጥቅ የማራገቢያውን ገጽ ቆርጦ ሲያልፍ ብቻ ነው። 20 ሺህ ዓመት የሆነው ገጽ 10 ሜትር ከተዛነፈ፣ በዓመት ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ይህም የሁለቱ ወገኖች ልዩነት እንጂ የተራራው ቁመት ጭማሪ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሸለቆው መስመጥ ነው። የአየር ንብረቱን ለመለየት ስንጥቅ ያለባቸውንና የሌለባቸውን ጎረቤት ማራገቢያዎች አነጻጽራለሁ፤ ሁሉም በአንድ ዘመን ደለል መቀበል ካቆሙ ስንጥቁን ተጠያቂ አላደርግም። ጨው ባሕር ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 ከ280 ሜትር ገደማ ጥልቀት የወጣው የሐይቅ ጭቃ ወደ 620 ሺህ ዓመት የሚደርስ የእርጥበትና የድርቅ መዝገብ ስለሰጠ፣ ለደቡቡ ማመሳከሪያ አለ።

ከመመለሴ በፊት ካለፈው ክረምት ጎርፍ የቀረ አሸዋ ከወንዙ ወለል እወስዳለሁ። ዕድሜው ዜሮ ሊሆን ይገባል። ሦስት ሺህ ዓመት ሆኖ ከተገኘ፣ ግድግዳው ውስጥ ባለው አሸዋም ላይ ያን ያህል ትርፍ ሊኖር ይችላልና ሌሎቹን ቁጥሮች ከማተሜ በፊት ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ እለካለሁ።