ኑክሊዮሶም የጂን ሁሉ መቈለፊያ ነውን?

ግረንስታይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት የእርሾ ሴል ኤች4 የተባለውን ሂስቶን እንዳይሠራ አደረጉት። ዲኤንኤ የተጠመጠመባቸው ኑክሊዮሶሞች ሲጓደሉ፣ ፎ5 የተባለው ጂን ፎስፌት ሳይጎድል ወደ አርኤንኤ መገልበጥ ጀመረ። (በጤናማው ሴል ኑክሊዮሶሞቹን የሚያስለቅቀው፣ ፎስፌት ሲያንስ፣ ፎ4 የተባለው ፕሮቲን ነው።) ኑክሊዮሶም ተራ መጠቅለያ ነው ይሉ ለነበሩት ይህ በቂ መልስ ስለ ሆነ ሙከራውን እናደንቃለን። የማንቀበለው ግን ከአንድ ጂን ተነሥቶ «ኑክሊዮሶም የጂን ሁሉ መቈለፊያ ነው» የሚለውን አባባል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዋይሪክና ባልደረቦቹ ኤች4ን እንዲሁ አጓድለው የእርሾን ጂኖች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሲለኩ፣ ከመቶ 15ቱ ከፍ፣ 10ሩ ዝቅ አሉ፤ 75ቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። መቈለፊያ የተባለው በተለይ የተገኘው በክሮሞሶም ጫፍ አጠገብ ባሉት ጂኖች ላይ ነው።